የአቦይ ሰንጢ የት እንደገባ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ደሙ ብዙ አልነበረም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እየነገርኩት ነው።

አማቴ አቦይ ከቅዳሴ መልስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በለስ ሲልጡ ሰንጢው ሸርተት ብሎ የግራ አውራ ጣታቸውን ከፈተው። እሳቸው አላዩትም። የበለሱ ውሃ መስሏቸው በጋቢያቸው ጠረጉት። ነጩ ጋቢ ሲቀላ ያየሁት እኔ ነኝ። ሮጬ አጥቤ አሰርኩላቸው። «ደሓን ነው ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰንጢ ጌታውን አይገድልም» ብለው ሳቁ።

ሰኞ ዓይደር ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው፤ የዓይናቸው ሞራ ይገፈፋል። ስንት ወር የጠበቅነው ቀጠሮ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ቁስልም ትኩሳትም እንዳይኖር ብሏል። ባለቤቴ ክብሮም ለሥራ ሽረ ሲሄድ «አባቴን አደራ» ብሎኝ ነው የሄደው። እንግዲህ ምን ላድርግ? አማቴን «ከእንግዲህ ሰንጢ አይያዙ» የምልበት አፍ የለኝም።

ስለዚህ ወሰድኩት። ለጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ አጥፌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ልብሴ ሳጥን ውስጥ ከታች ከተትኩት። እስከ ሰኞ ብቻ።

ከለቅሶው ተመልሰው ኪሳቸውን ዳሰሱ። «ሰንጢዬን አየሽው?»

«አላየሁም» አልኩ። አስቤ አይደለም፤ ከአፌ ወጣ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ዛሬ የፈለጉባቸው ቦታዎች፦ የሁለቱም ኮት ኪስ። ፍራሽ ስር። በረንዳው ላይ እየዳሁ። የበለስ ልጣጭ የጣልንበት ባልዲ። የሬዲዮው ጀርባ። እንደገና የኮት ኪስ።

እኔም አብሬ ፈለግኩ። ጎንበስ ብዬ ሶፋ ስር አየሁ። እንዲህ ያለ ተዋናይ ቤት ውስጥ መኖሩን ክብሮም አያውቅም።

አንድ ተራ ሰንጢ እኮ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ የሚዝገው ዓይነት ብረት። ሎሚና ብርቱካን ሲቆረጥበት ኖሮ ስለቱ ጠቁሯል፤ ከመሳል ብዛትም ቀጥኗል። መፋቂያ ይቀርጹበታል፣ ገመድ ይበጥሱበታል፣ ዳቦ ይቆርሱበታል፣ ጥፍራቸውን ይቆርጡበታል። ባንክ በተዘጋበት በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ በእሱ ጎማ እየቆረጡ የሰው ጫማ ጠግነው ቤቱን እንዳቆሙ ክብሮም ነግሮኛል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ ያለሰው እርዳታ የሚሠሩት ሥራ ሁሉ በእሱ ነው።

ይህን ሁሉ ከመውሰዴ በፊት ማሰብ ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ዛሬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከሥራ ስመለስ አቦይ የሉም። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አገኘኋቸው። ሰው ሁሉ ቆሟል። «ከትናንት ወዲያ እዚህ ተቀምጬ ሳለ ጥዬው ይሆናል» ብለው ሐዘንተኛውን ሁሉ ከአግዳሚ ወንበር አስነስተውታል። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ሰብስበው መሬት መሬት ያያሉ። ባሏ የሞተባት ሴትዮ ራሷ ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች። ማንም አልተቆጣም። ያዘኑላቸው መሆኑ ነው የባሰው።

ይዣቸው ስንወጣ ክርኔን ጠበቅ አድርገው ይዘው «ዓይኔስ ይሁን፤ ጭንቅላቴም ተከትሎት ሄደ መሰለኝ» አሉ።

እንደገባን በቃ ልመልሰው ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ፌስታሉን ስፈታው ሰንጢው ቀልቷል። ዝገት! የበለሱ ውሃ እንዳለበት፣ ሳላደርቀው፣ በዚህ ክረምት ጠቅልዬው ኖሯል። ማጠፊያው ተጣብቆ አልከፈትም አለኝ። በስንት ትግል ከፍቼ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት። ዝገቱም ለቀቀ፣ የስንት ዓመት ጥቁረቱም አብሮ ለቀቀ። ቡራቡሬ ሆኖ ቀረ።

እሳት እንደወለደችው ላም ሆኛለሁ። ብልሰው ይፈጀኛል፣ ብተወው አልችል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ዛገ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

መላ አገኘሁ። ቢያንስ ጠዋት እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከሮማናት አደባባይ ዝቅ ብሎ የብረታ ብረት ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ። የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ አልኩት። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ አወጣልኝ። «ይሄኛው አይዝግም» አለ።

«የሚዝገውን ነው የምፈልገው።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «አዋቂ ነሽ ማለት ነው። የሚዝገው ስለት ይይዛል። ብቻ እርጥብ እንዳትተዪው።»

አሁን ነው የሚነግረኝ።

ልክ የአቦይን የሚመስል ገዛሁ። ቤት ስደርስ እጀታውን ደረጃው ሲሚንቶ ላይ ፈትጌ አስረጀሁት። ስለቱንም ዳግመኛ እንዳይቆርጣቸው ድንጋይ ላይ አዶለዶምኩት። ከዚያ ገብቼ «አቦይ፣ ሶፋው ስር ተገኘ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ተቀበሉኝ። ከፈቱት፣ አጠፉት፣ ከፈቱት። አውራ ጣታቸውን በጀርባው ላይ አስኬዱ። ደግመው አስኬዱ።

«የቐንየለይ ጓለይ» ብለው አመሰገኑኝና ኪሳቸው ከተቱት።

አለፈልኝ ብዬ ተነፈስኩ። ግን ለምንድነው ልቤ አልቀመጥ ያለው?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

በረንዳው ላይ መፋቂያ ሊቀርጹ ተቀምጠው ሳይ እቃ ማጠቤን ትቼ በመስኮት ቆምኩ። ሰንጢው አይቆርጥም። ገፉት፣ አዙረው ሞከሩ፣ እንጨቱን ለወጡ። ከዚያ ሰንጢውንም እንጨቱንም ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው ያዩት ጀመር። አያዩትም እኮ፤ ዝም ብለው አፈጠጡበት።

ጠሩኝ።

«ለክብሮም ደውዪለት። የሰኞው ቀጠሮ ይቅር።»

«ለምን አቦይ?»

«ዓይኔ ባያይም እጄ ያያል እል ነበር። ይኸው እጄም ከዳኝ። ስንት ዓመት የያዝኩትን ሰንጢ እጄ አላውቀውም አለ። አንቺ ግን ነው አልሽኝ። እንግዲህ ሰውየው ካለቀ፣ ዓይኑ ቢበራ ምን ሊያይበት ነው?»

ከእጃቸው ይልቅ እኔን አመኑ። ይህን መቼም አልረሳውም።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «አቦይ፣ እጅዎ ልክ ነው» አልኩ። «ያ የእርስዎ ሰንጢ አይደለም።» ሌላው ሁሉ ተከትሎ ወጣ፤ ደሙ፣ ሳጥኑ፣ ድንኳኑ፣ ሽቦው፣ ገበያው። ሳለቅስ ቃሉ ይቆራረጥብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

አላቋረጡኝም። ስጨርስ «አምጪው» ብቻ አሉ።

አመጣሁት። ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ማጠፊያውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ከፈቱት። ከዚያ ተነስተው ግድግዳውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ምግብ አስገባሁላቸው፤ አልነኩትም። ቀጠሮውን ልጠይቅ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰላምታዬን መለሱልኝ። ይህም ነገር ነው።

«አመድ፣ ሎሚ፣ ዘይትና ጨርቅ አምጪ» አሉ።

ቁስላቸውን ሎሚ እንዳይነካው ጣታቸውን በፌስታል አሰርኩላቸው፤ እምቢ አላሉም። ሎሚውን ለሁለት ከፍለው አመዱ ላይ ነከር እያደረጉ ስለቱን ፈተጉ። እያጠቡ፣ እያደረቁ፣ በጣታቸው ጀርባ እየነኩ። ማጠፊያው ላይ ዘይት ጠብ አድርገው ሃያ ጊዜ ያህል ከፈቱ አጠፉ። ድምፁ ሲለሰልስ እኔም ሰማሁት።

ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ። «መውሰድሽ አልከፋኝም። እኔም አባቴ ሲደክም መጥረቢያውን ወስጄበታለሁ። ግን ነግሬው ነው። ተሳድቧል፣ ከዚያ ተወው። አንቺ ግን እኔን ራሴን ነው የወሰድሽብኝ። አራት ቀን ሙሉ አበድኩ ብዬ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ድንኳኑ ውስጥ ያስነሳኋቸውን ሰዎች ነው ይቅርታ መጠየቅ።» ስለቱን በጨርቁ እየጠረጉ «ደግሞ እርጥብ አይጠቀለልም። ይህን ማንም ያውቃል» አሉ።

ሄጄ ለሴትዮዋ ነገርኳት። ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ እንደሆነ እህቷ ነገረችኝ።

ተመልሼ አቦይን ነገስ አልኳቸው። «እናያለን» አሉ። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ስነሳ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። «ባጃጅ ጥሪ እንጂ» አሉኝ፤ እኔ ያዘገየሁ ይመስል።

ዓይደር በር ላይ ጥበቃው «ስለት ነገር ካለ አይገባም» አለ። አቦይ ከኪሳቸው አወጡት፣ መታጠፉን ነክተው አረጋገጡ፣ እጄን ፈልገው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ፣ ዚፕ ባለው ኪስ።»

«ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው።»

ጥበቃውን «ቤት ወስጄው እመለሳለሁ» አልኩት። እሳቸውን አንዲት ነርስ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ጣታቸውን አይታ «ይሄ ድኗል» አለች። እኔ ከበሩ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ቤት የሚሄድ እግር አላገኘሁም። ክብሮም ሦስት ጊዜ ደወለ። ምን እንደምለው አላውቅም፤ ገና ናቸው እለዋለሁ። ዛሬ አንድ ዓይን ብቻ ነው። ፋሻው ነገ ይነሳል። ማየት አለማየታቸው የሚታወቀው ያኔ ነው።

አሁን ስልኬ ጠራ። ክብሮም መስሎኝ ነበር፤ ነርሷ ናት። ጨርሰዋል፣ ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል አለች። ከዚያ ሳቅ አለችና «አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብለውኛል፤ ሰንጢው አለ ወይ?» አለችኝ።

ዚፑን ከፍቼ ነካሁት።

«አለ በያቸው» አልኳት። «እኔ ጋ ነው፣ ቦርሳዬ ውስጥ። ደረቅ ነው በያቸው።»