የተዘጋውን በር አንቺ እንዳስተማርሽው

«የለቅሶ ቤት ልማድ ከታሪኩ ጋር አይገናኝም። በሩ የሕሊና ወቀሳ ምሳሌ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ምዕራፍ ይውጣ፤ ካልወጣ ጽሑፉን አልቀበልም።»

ዘሀራዬ፣ የአላህ ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ። ከተለየሽን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ በዱዓ እንጂ በብዕር አላናገርኩሽም። ዛሬ ያስጻፈኝ ከላይ ያለው ነው። የልጃችንን የሀያትን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያርመው መምህር በቀይ እስክሪብቶ ያሰፈረው ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እንዲወጣ የፈረደበት ምዕራፍ ያንቺ ነው።

አዎ፣ ሀያት ያንቺን ትምህርት፣ ሥነ ጽሑፍን፣ መርጣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ቤቱ ደህና ነው። በክረምት ጫማሽን በፌስታል ይዘሽ የምትሻገሪው ጭቃ ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። ሳየው ደስ አይለኝም፤ ለምን አንቺ እያለሽ አልተነጠፈም እላለሁ።

ሀያት የጻፈችው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ታስተምሪው ስለነበረው ስለዚያ አሮጌ የፈረንጅ ታሪክ ነው። ኮረብታ ላይ በድንጋይ ቤት የሚኖር ሰው ሚስቱ ትሞትበታለች። በሩን ቆልፎ ይቀመጣል። በየምሽቱ በሩ ይንኳኳል፤ እሱ አይከፍትም። በመጨረሻም ፍርሃቱ ይገድለዋል። መጻሕፍቱ «የሚያንኳኳው የሚስትየዋ መንፈስ ነው፤ በሩም ሕሊናው ነው» ይላሉ።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት እየሳቅሽ መጥተሽ የነገርሽኝን አልረሳውም። አንዱ ጎረምሳ «ቲቸር፣ ጅን ነው ይበሉንና እንገላገል!» ብሎሽ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም እያቀያየርሽ «ኤኙቱ ዱፌ? ማን ነው የመጣው?» እያልሽ ወጥረሽ ያዝሻቸው። ያኔ ከጨፋ ሮቢት የመጣችው ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሚስቱ ሞታ በር ይዘጋል እንዴ? ለቅሶ የመጣ ሰው በየት ይግባ?» አለችሽ። ሁሉም ሳቁባት። አንቺ አልሳቅሽም።

በእኛ አገር የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፤ የሚያንኳኳም የለም። ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ድንኳን ይተክላል፣ የሚያውቅሽም የማያውቅሽም ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የእኛን የከሚሴ ልጆች ያስፈራቸው መንፈሱ ሳይሆን የተዘጋው በር ነበር። አንቺም «መልካም፤ ግን ከታሪኩ ውስጥ አስረጂ አምጡ» አልሻቸው።

እኔ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ፤ ያልለካሁትን አላምንም። «የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብዬ ስሞግትሽ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሽው። ጠዋት ጠዋት ከደጁ በረዶ ላይ የእግርና የከዘራ ዱካ ይታያል ይላል። መንፈስ ከዘራ ይይዛል? ያ የመጣው አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነው። ሰውዬው ያሰበው ቅጣት መጣብኝ ብሎ ነው፤ ጎረቤቱ የመጣው ግን ሊያጽናናው ነው። የታሪኩ መከራ ይሄ ነው አልሽ። ያን ዕለት ተረታሁ፤ ደስ ብሎኝ ተረታሁ።

ሀያት ይህን ስትጽፍ ያንቺን ለቅሶ ጨመረችበት። አንቺ አላየሽውምና ልንገርሽ። በሁለተኛው ቀን ከሰንበቴ ገበያ ወደ አፋር የሚመለስ አንድ ግመል ነጂ ድንኳኑን አይቶ ገባ። አማርኛ አይችልም፤ ማንም አያውቀውም። ከጎኔ ተቀመጠ፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ትከሻዬን ይዞ ትንሽ ቆየና ሄደ። እህትሽ ከእንባዋ መሀል «የዘሀራ ተማሪ ይሆናላ! እሷ ያላስተማረችው ማን አለ?» ብላ ለቀስተኛውን አሳቀችው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። በታሪኩ ውስጥ ማንነቱን ያላወቀውን እንግዳ መፍራት ሰውዬውን ገደለው፤ እኔን ግን ማንነቱ ያልታወቀ እንግዳ በእግሬ አቆመኝ። ሀያት የጻፈችው ይህን ነው። ሐሳቡን ከእናቷ የክፍል ትምህርት እንዳገኘችውም ስምሽን ጠርታ አስፍራለች።

መምህሩን ክፉ ሰው ነው አልልም። የስንቱን ተማሪ ጽሑፍ ሲያርም ዓይኑ እንደሚደክም አውቃለሁ፤ አንቺም ደብተር ላይ ተደፍተሽ ታድሪ ነበር። ግን አንቺ የልጅ ሐሳብ ያለ ምክንያት ሰርዘሽ አታውቂም። «የታወቀ ነው» ምክንያት አይደለም። ስለ ዱካው አንድ መስመር አልጻፈም።

ሀያት ደውላ «አባዬ፣ አውጥቼው ብመረቅ እማ ትቀየመኛለች?» አለችኝ። እናትሽ በምርቃትሽ አትቀየምም አልኳት። «እኔ ግን እቀየማለሁ» አለች። አላወጣችውም። ምርቃቱ ይቅርብኝ ብላ ነው የቆመችው፤ ልጅሽ ናት።

እንግዲህ ዘሀራዬ፣ በየጁምዓው መቃብርሽ ዘንድ እየመጣሁ የሆነውን እነግርሻለሁ። ያስተማርሻቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስምሽን ይጠሩልኛል፣ እኔም እጠራላቸዋለሁ፤ ይህ በሕይወት እስካለሁ አይቋረጥም።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለመምህሩና ለትምህርት ክፍሉ ደርሷል። የምጠይቀው ውጤት አይደለም። ምዕራፉ ከታሪኩ ቃል ጋር የሚጋጭበትን ቦታ ገጹንና መስመሩን ጠቅሶ ያሳይ፤ ካሳየ ሀያት ታርማለች። ካላሳየ ትዕዛዙን ያንሳ። መልሱን በጽሑፍና በፊርማ እስከ የካቲት 15 ድረስ እጠብቃለሁ።