በሲሳይ ለቅሶ አንተን አለቀስኩ

ይድረስ ለአንተ፣ ለአያሌው፣ አፈር ለተጫነህ ባለቤቴ።

ከተለየኸኝ ሦስት ክረምት ሄደ። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው፤ አትሳቅ። ለጎልማሶች የሚሰጠው ትምህርት ገብቼ፣ ዓይኔ እያነባ ፊደል ቆጠርኩ። ቃል የሚኖረው በአፍ ነው፣ ወረቀት ላይ ሲውል ይደርቃል ትል ነበር። እኔ ግን ደረቅም ቢሆን የሚቀመጥ ነገር ፈለግሁ። ስንቱን ግጥምህን ለነፋስ ሰጥተህ ሄድክ።

ልጃችን ስንዱ ላሊበላ ሆቴል ተቀጥራ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰችው። ዝናብ ሲመታው አያነጋግርም። ብትኖር፣ ዝናቡም ስብሰባ ጀመረ ትል ነበር።

የገብስ አጨዳው ትዝ ይለኛል። ማጭድህን ትከሻህ ላይ ጥለህ ትቆምና፣ ሰው መጀመሪያ አፉን የከፈተው ለልቅሶ ነው፣ ውሃ አምጡ ለማለትማ ጣት ይበቃው ነበር ትላለህ። ሰው ብቻውን ሲሆን ደግ ነው፣ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ ይለወጣልም ትል ነበር። አበልጃችን ሲሳይ ከረድፉ ጫፍ፣ «አንተ ሰውዬ እጨድ! ገብሱ ወሬህን አይሰማም!» ብሎ ይጮኻል። አንተም እሱኑ በግጥም ትወርፈዋለህ፤ ወንፈሉ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ያን ሳቅ ነው ያመንነው።

መሬት በተሸነሸነበት ዓመት፣ በስብሰባው ላይ ያው ሲሳይ ከሕዝቡ መሀል ተነሳ። ባለፈው መንግሥት የቀበሌ ዳኛ ነበርክና፣ «ይህ ሰው ቢሮክራት ነው!» አለ። ቃሉን ከመሀላችን የሚያውቀው አልነበረም። ተነስተህ፣ «ምን ማለት ነው?» ብለህ ጠየቅህ። «ቢሮክራት አይናገርም፣ ተቀመጥ!» አሉህ። መሬቱ ይወሰድበት ሲባል፣ ከተጣላው ጋር ያስታረቅኸው ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። የወንዝ ዳሩ መሬታችን ለሲሳይ ደረሰ።

መሬቱን ብቻ ወስዶ ቢሆን በቻልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ግጥም ከአፍህ አልወጣም። አጨዳ ላይ አንገትህን ደፍተህ ታጭዳለህ፣ ትመለሳለህ። ቤትም ከእኔ ጋር ከእሺና ከእንቢ በላይ አልተነጋገርክም። እንዲሁ ዝም እንዳልክ ሞትክ። ቀብርህ ላይ የመጣው ጥቂት ነበር፤ ከአንተ ጋር እንዳይቆጠር የፈራው ሁሉ ቀረ።

ዘንድሮ ሲሳይ ሞተ። ልጆቹ ደጄ መጥተው፣ «እማማ፣ ያለ እርስዎ አባታችንን ማን ያለቅስልናል?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ከዚህ እስከ ብልባላ ድረስ ከእኔ የተሻለች ሙሾ አውራጅ የለችም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ።

የአገራችንን ወግ ታውቀዋለህ። አልቃሽ አስቀድማ የራሷን ሟች ብታነሳ አይከለከልም፤ ከጀመረችም አትቋረጥም፣ ለቀስተኛው ተቀብሎ ይመልሳል። ሲሳይ ተገንዞ መሀል ተኝቷል። ያኔ እጁን ያወጣው ሕዝብ ዙሪያዬን ቆሟል። እንዲህ አልኩ፤

አፉን ዘግታችሁት እጅ ያወጣችሁ፣
እስቲ አልቅሱለት ዛሬ አፍ ካላችሁ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ደረቷን መትታ፣ «አያሌውዬ!» አለች። ሌላዋ ተቀበለች። ወንዶቹም ተከተሉ። ትልቁ የሲሳይ ልጅ ነጠላዬን እየጎተተ፣ «እማማ፣ የአባታችንን ይበሉልን እንጂ!» ይለኛል። «ቆይ ልጄ፣ ይደርሳል» እለዋለሁ። አላደረስኩትም። እነዚያ ለቀብርህ ያልመጡት፣ ፊታቸውን እየነጩ ስምህን ሲጠሩ አንድ በአንድ አየኋቸው። አስከሬኑ እስኪነሳ አንተን ብቻ አለቀስኩ። ሲሳይ አንድ ስንኝ ሳይደርሰው አፈር ገባ።

ደስ አለኝ፣ አያሌው። የንስሐ አባቴ ሰምተው ክፉኛ ገሠጹኝ፣ ስግደትም አዘዙኝ። እሰግዳለሁ። ጸጸቱ ግን እስካሁን አልመጣልኝም።

የሲሳይ ልጆች ቀብሬ ላይ ላይቆሙ ምለዋል ይባላል። አይቁሙ። ያን ቀን እጃቸውን ካወጡት ገና በሕይወት ያሉ አሉ፤ አርጅተዋል፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ። አልቃሻቸው እኔ ነኝ። ድምፄ እስካለ ድረስ አልረሳህም፤ ከእነሱ ማንም ቢሞት፣ አንተ ቀድመህ ትለቀሳለህ።

ሚስትህ ደብሬ