የታረሰው ጨፌ

ልጄ ጽዮን፣ ሥላሴ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደሙልሽ። እኔ ጉልበቴ ከመድከሙ በቀር ደኅና ነኝ።

ራስ መኮንን ድልድይ ቄጠማ መሸጡን ትቻለሁ። ቄጠማ የማመጣበትን የሱሉልታውን ጨፌ አጎትሽ ዓምደሚካኤል ለስንዴ አረሰው። ሄጄ ብለምነው፣ «እታለም፣ ሣር ልጅ አያሳድግም» አለኝ።

ነሐሴ ላይ ጎርፍ ስንዴውንም አፈሩንም ጠርጎ ወሰደበት። ባለፈው እሑድ እዚህ ድረስ መጥቶ አለቀሰ። «ጽዮን የምትማረው የሣር ነገር አይደል? የታረሰ ጨፌ ተመልሶ ይለመልማል?» አለኝ። ወንዙ ዳር ሳይታረስ የቀረውን ቄጠማ ከብት እንዳይገባበት አጥሮታል።

የሣሩን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ ደክሞኛል። ያለሽበት አገር ብርድ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ደርበሽ ልበሺ። ለአጎትሽ እባክሽ ራስሽ ጻፊለት። አትቆጪው፤ ታናሼ ሆኖ ከእኔ በልጦ አርጅቷል።

አምላክ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እናትሽ የሺዓለም