የማማሰያው ቁመት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለረጅሙ ባለቤቴ፣

እንደምን ከረምክ? የእህትህ ቤት ተስማማህ? እኔ ደህና ነኝ። ክንዴን ብቻ ትንሽ ያመኛል፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

በዚያ ባረረ ድፍድፍ ተጣልተን ስትሄድ፣ በር ላይ ቆመህ «ያለ እኔ አንድ ድስት አታማስዪም!» ያልከኝን አልረሳሁትም። አራት ወር ሙሉ እልህ ይዞኝ ከረመ። ባለፈው ሳምንት ብቅሉን አስፈጭቼ፣ ውሃውን አሙቄ፣ በትልቁ ድስት ቢራ ልጠምቅ ተነሳሁ። ግማሽ ላይ አሮጌው ማማሰያ ቀጭ! እጀታው እጄ ላይ ቀረ፣ መቅዘፊያው ድስት ውስጥ ሰጠመ። ድፍድፉ ጓጎለ፣ ሥሩ አረረ፣ ሁሉንም ደፋሁት። አልቅሼማለሁ። ይቺን ለእህትህ እንዳትነግራት።

ስብርባሪውን ሳየው ለካ መጋጠሚያው ላልቶ ኖሯል፤ የድስቱን ሥር አይነካም ነበር። ያን ጊዜ «አንተ ነህ ያሳረርከው» ብዬሃለሁ። አንተ አልነበርክም። ይኸው አልኩት፤ ሁለተኛ አታስደግመኝ።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ዕቃ ሻጩ መጀመሪያ ፕላስቲክ አሳየኝ፤ ቀላል ነው፣ ለማጠብም ይመቻል። «ትኩስ ውስጥ ሲገባ አይጎብጥም?» ብለው መልሶ ሰቀለው። ቀጥሎ የማይዝግ ብረት አመጣ። እሱስ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ግን እስከ እጀታው ብረት ነው፣ እጅ ያቃጥላል። «ለአንቺ ይከብድሻል» ሲለኝ ደግሞ ቁርጥ አንተን መሰለኝ፤ ትቼው ወጣሁ።

ከዚያ ጎረቤታችን አናጢው ጋ ሄድኩ። ምን እንደምፈልግ አውቄያለሁ፤ ሙጫ የሌለው ጠንካራ እንጨት፣ ቀለም ያልነካው፣ የጓጎለውን እንዲበትን መቅዘፊያው ላይ አውራ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ያሉት። ከሁሉም በላይ እጀታውና መቅዘፊያው ከአንድ እንጨት ይውጣ፤ መጋጠሚያ የሚባል ነገር እንዳላይ አልኩት።

አናጢው ሁሉን ጻፈና «የሚያማስለው ሰው ቁመቱ ምን ያህል ነው?» አለኝ።

«ኩሽና በር ጉበን ጋ ይደርሳል፤ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን ይመታዋል» አልኩት። ሳላስበው ነው እኮ! እሱም በዚያው ልክ ሠራው።

ዛሬ ጠዋት አመጣልኝ። እንዴት ያለ ሥራ መሰለህ! ድስቱ ውስጥ ሳቆመው ግን እጀታው ከራሴ በላይ ሄደ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ሞከርኩት፤ ከነማማሰያዬ ድስት ውስጥ ከመግባት ለጥቂት ተረፍኩ። አናጢው ሳቁን አፍኖ «እትዬ፣ ላሳጥርልሽ፤ የደቂቃ ሥራ ነው» አለ።

ቢያጥርልኝ ብቻዬን ማማሰል አያቅተኝም፤ ይኼን እወቅልኝ። የምጽፍልህ ስለናፈቅከኝ ነው።

«እስከ ቅዳሜ ይቆይ» አልኩት። ይህ ደብዳቤ ሐሙስ ይደርስሃል፤ አውቶቡሱ ዓርብ ጠዋት ይነሳል። ቅዳሜ አናጢው መጋዙን ይዞ ይመጣል፤ አንዴ ከተቆረጠ ለአንተ አይሆንም።

ክፉ አይንካህ። ብትመጣ መንገዱን ያቅናልህ፤ ብትቀርም ጤናህን አይንሳህ።

አጭሯ ሚስትህ

ይቺን ረስቼ፦ ጉበኑ ላይ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬበታለሁ።