ከጋቢ ሥር የተለካ ጠመንጃ

ጥቅምት 24 ቀን 1931

ሦስት ማረሻ ቀጥቅጬ ጨረስኩ። ከሰሉ እርጥብ ነው፣ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ዋለ። ሚስቴ ሸክላዋን ፀሐይ ላይ ደርድራ ነበር፤ አንዱ ተሰነጠቀባትና እኔን ተቆጣች። እኔ ምን አደረግሁ?

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጣ። በላቸው ይባላል። በዓይን ነው የማውቀው፤ ጣሊያኑን ካፒቴን ጅግራ ወዳለበት እየመራ ያሳድናል። በካፒቴኑ ማኪና ተቀምጦ በመንደራችን በወለቃ ሲያልፍ ስንቴ አይቼዋለሁ። ዛሬ በእግሩ ነው የመጣው። ለምን በእግሩ?

ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ ይዟል። ያባቱ ነው አለ። አሮጌ ነው። ብረቱ ደህና፣ ሰደፉ ግን ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል።

«የጅግራ ወራት ገባ፣ አያ ፈጠነ። አዲስ ሰደፍ በልኬ አብጅልኝ።»

ማህተም ያለበት ወረቀት አሳየኝ። ጠመንጃ መያዝ ተፈቅዶለታል። ማህተሙ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ በምን አውቃለሁ?

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጠመንጃ አልነካሁም። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ አንጥረኛ ምን እንደሚገጥመው አገር ያውቃል። ግን ወረቀት የያዘን ሰውስ እምቢ ይሉታል? እምቢ ብል ነገ ሌላ ነገር ይመጣብኛል። ተቀበልኩ።

ጥቅምት 25፣ ዓርብ

ልኩን ሰጠኝ... ነገሩ አልጣመኝም።

እሱን አልነካሁትም። በኛ በቤተ እስራኤል ሕግ የውጭ ሰው ብነካ ወንዝ ወርጄ ታጥቤ እስኪመሽ ከቤት ውጭ መቆየቴ ነው፤ ነገ ደግሞ ሰንበት። እንዳባቴ ሸንበቆ ነው የምሰጠው። ባለ ጠመንጃው ራሱ ከክርኑ እጥፋት እስከ ሌባ ጣቱ ይለካና በጥፍሩ ምልክት ያደርግበታል። እኔ በዚያ ልክ ሰደፉን እቆርጣለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት፣ ማንም አላታለለኝም።

በላቸው ሸንበቆውን ተቀብሎ ዞር አለ። ከጋቢው ሥር ለካ። ክንድ ምን ያሳፍራል? ሲመልስልኝ ምልክቱ አጭር ነው። እሱ ግን ረጅም ሰው ነው፣ ደጄን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«እስቲ ድገመው።»

«ምነው አያ ፈጠነ፣ የገዛ ክንዴን ላላውቀው?»

ሸንበቆውን አስቀመጥኩ። ያዝ አድርጌ ልለካው አልችል።

ጥቅምት 28

የድሮ ባለ ጠመንጆች ሸንበቆ ከጣሪያው ሥር ታስሮ ነው የሚኖረው። ዛሬ አወረድኩና በላቸው ከሰጠኝ ጋር አንድ ባንድ አስተያየሁ። ሰባተኛው ገጠመ። የፀጉር ያህል እንኳ አይበላለጡም።

ስሙን አልጽፍም። የኮሶዬ አዳኝ ነው። በወጣትነቱ ከገደል ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ፣ ወጌሻውም አሳጥሮ ገጠመለት። ስለዚህ ልኩ የማንንም ልክ አይመስልም። ሁለት ጠመንጃ ሠርቼለታለሁ። ጣሊያን ሲገባ ዱር ገባ። እስከ ዛሬ ይፈልጉታል።

በላቸው የዚህን ሰው ልክ ከየት አመጣው?

ወይ በድብቅ ከሱ ጋር ነው። ወይ ካፒቴኑ ልኮታል... ልኩን አውቄ ዝም ብዬ ከሠራሁ «የሽፍታ አንጥረኛ» ብለው ሊይዙኝ። በካፒቴኑ ማኪና የሚሄድ ሰው ከሁለቱ የትኛው ነው?

ለሚስቴ ለጥሩ ነገርኳት።

«ቆርጠህ ስጠውና ይሂድልህ» አለች።

«ባጭሩ ነው በረጅሙ የምቆርጠው?»

ወደ ሸክላዋ ተመለሰች።

ሸንበቆዎቹን በሙሉ እሳት ውስጥ ከተትኳቸው። ያባቴም ነበሩበት። ግን ነገ ቤቴ ቢፈተሽስ?

ኅዳር 5

በላቸው መጣ። «ወዲህ ሳልፍ ነው» አለ። በወለቃ ምን አሳለፈው? መቃኑን ተደግፎ ብዙ አወራ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጅግራው፣ በገብሱ ቃርሚያ ላይ መንጋው እንዴት እንደሚወርድ። ከዚያ ቀስ ብሎ...

«ኮሶዬ የምታውቀው ሰው አለ?»

«ማረሻ የሚያመጡ አሉ።»

«እንዲህ ያለ ልክ ከዚህ በፊት አጋጥሞህ ያውቃል?»

«ሸንበቆ ሁሉ አንድ ነው» አልኩት።

አየኝ። ቅር ያለው መሰለኝ። ለምን ቅር ይለዋል? ወጥመዱ ባዶውን ስለቀረበት?

«አሮጌውን ሰደፍ ትከሻህ ላይ አድርገውና ልየው» ስለው እጄን አሞኛል አለ። ገና ሲመጣ ግን በዚያው እጁ ጠመንጃ የሚያህል ዱላ ሲያወዛውዝ ነበር።

ኅዳር 7

ወሰንኩ። ሞኝ እሆናለሁ። የሰጠኝን ልክ እንዳላየሁ ሆኜ ለራሱ ለበላቸው ክንድ እሠራዋለሁ። ባንዳ ከሆነ ምን ያገኝብኛል? ባለ ወረቀቱ ሰው መጣ፣ በክንዱ ልክ ሠራሁለት፣ አለቀ።

ያን ዕለት መቃኑን ተደግፎ ሲያወራ ክርኑ ያረፈበትንና ጣቱ የደረሰበትን በዓይኔ ይዤ ነበር። ሲሄድ ለካሁት። ካቃጠልኩት ሸንበቆ በሦስት ጣት ይበልጣል፤ ያን ልክ በስንዝሬ ይዤዋለሁ።

እሱ ባንዳ ካልሆነስ? ...ካልሆነ ይነግረኝ ነበር። ለምን አይነግረኝም?

ኅዳር 11

ዋንዛው ደርቋል፣ ሸጋ እንጨት ነው። ሰደፉን ጠርቤ አወጣሁ። ጨርቅ በጋለ የኑግ ዘይት ነክሬ አንገቱን ጠቀለልኩት፤ ሲለሰልስ ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አደረግሁት፣ የበላቸው ዓይን ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ እንዲል። ጉንጩ የሚያርፍበትን ደግሞ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ዝቅ አደረግሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማረሻ ብቻ የቀጠቀጠ እጄ አልረሳም። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱም አናደደኝ።

ኅዳር 14

የስግድ በዓላችን ነበር። ጾመን ተራራ ወጣን፣ ቄሶቹ አነበቡ። ስለ በላቸው ላለማሰብ ብሞክርም ከላይ ሆኜ የማኪና መንገዱን ሳይ ዋልኩ።

ኅዳር 16

መጥቶ ወሰደው። ሰደፉን በስንዝሩ ለካና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ረዝሟል።»

«ላንተ ክንድ ልክ ነው።»

«የሰጠሁህ ሸንበቆስ?»

«እሳት በላው። በዓይኔ ገመትኩ።»

ሰደፉን አገላበጠው። እንዳሳጥረው ያዘኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሰዎች በመንገዱ ሲያልፉ አየና ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ ሄደ። የተናደደ አይመስልም፣ ያዘነ ነው የሚመስለው። የተነቃበት ባንዳ ያዝናል እንዴ?

ኅዳር 28

ሳልረሳው ልጻፈው።

የካፒቴኑ ማኪና ደጄ ቆመ። ካፒቴኑ፣ አስተርጓሚው፣ በሁለት ወታደር መካከል ደግሞ በላቸው። ከንፈሩ አብጧል። በላቸው ጠመንጃውን ለሽፍታ ያውሳል ብሎ አንድ ሰው ነግሯቸዋል። ካፒቴኑ ራሱ ወፍ አዳኝ ነው፣ ጠመንጃ ያውቃል። «ጠመንጃ ለማን እንደተሠራ ራሱ ይናገራል» አለ በአስተርጓሚው። ነገሩ በሠራው አንጥረኛ በኔ ፊት እንዲጣራ ፈልጎ ነው ያመጣው።

ባዶውን ጠመንጃ ለበላቸው ሰጡት። ዓይንህን ጨፍን፣ ወደ ትከሻህ አምጣ፣ አሁን ግለጥ። ካፒቴኑ ከፊቱ ሆኖ በአፈሙዙ በኩል ዓይኑን አየ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ነው ያረፈው። ድገም አለው። ደገመ። ሦስተኛም አስደገመው። ሰደፉ ከትከሻው ሄዶ ልክክ ይላል።

«ልኩን ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

«እሱ ራሱ።»

ካፒቴኑ ሳቀ። በላቸውን ለቀቀው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ የራሱን ጠመንጃ እንደሚያመጣልኝ ነገረኝ። ወንዝ ወርጄ ታጥቤ እስኪመሽ ውጭ ቆየሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እዚያ ተቀምጬ ነው የገባኝ፤ ባጭሩ ቆርጬው ቢሆን በላቸው ዛሬ አይተርፍም ነበር። እኔም።

በላቸው ባንዳ አልነበረም። ወር ሙሉ ስጠረጥረው ከረምኩ።

ታኅሣሥ 2

ጎረቤቴ ሀዳነ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። ማኪናው ደጄ መቆሙን አይቷል። ምን ብዬ አስረዳዋለሁ?

ታኅሣሥ 4

በላቸው በጓሮ በኩል መጣ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ለኔ።

ሁሉንም ነገረኝ። የኮሶዬው ሰው ሁለት ቁስለኞች ይዞ ዋሻ ውስጥ ነው። በጦር ጠመንጃ ቢያድን ድምፁ ወታደር ይጠራበታል። የወፍ ጠመንጃ ሲጮኽ ግን ሰው ሁሉ ካፒቴኑ እያደነ ነው የሚለው። በላቸው አደን እሄዳለሁ እያለ ጠመንጃውን ያደርስለታል፣ ማታ ይመልሳል። ለዚህ ነበር አጭሩ ልክ፤ የሰውየውን ክንድ በክር ለክቶ ክሩን ከጋቢው ሥር ይዞት ነበር። እኔ አውቄ እንደሆነ ሊያጣራ ነበር የጠየቀኝ፤ በግልጽ እንዳይነግረኝ ደግሞ ፈራኝ።

«በረጅሙ ሰደፍ እንዴት ሆነለት?»

«አልሆነለትም። በሁለት ሳምንት ሁለት ጅግራ። ክንዱ አይደርስለትም፣ ይስታል።»

«ምን አለ?»

«ፈጠነ ልኬን ያውቃል አለ። ያረዘመው አንድ ነገር ቢያይ ነው፣ ተዉት አለ። ይኸው አይተህ ኖሯል አያ ፈጠነ። ነፍሴን አተረፍህ።»

ቁስለኞቹንስ አልኩት። አንዱ ባለፈው ሰኞ ሞተ አለኝ። ከቁስሉ ይሁን ከረሃቡ እሱም አያውቅም።

ዝም ብዬ ምስጋናውን ብቀበል ማን ያውቅብኝ ነበር? አልቻልኩም።

«ምንም አላየሁም» አልኩት። «ባንዳ መስለኸኝ ነው። ልኩ የማን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ አውቄ ነው ያረዘምኩት። ራሴን ላድን።»

ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። አልተከተልኩትም።

ታኅሣሥ 6

የካፒቴኑ ጠመንጃ መጣ። አልነካሁትም። ጥሩ «ደግ አደረግህ፣ መናገርህ» አለች። በላቸውስ ቢያሳብቅብኝ? ...ደግሞ ጀመርኩ። ይሄ ልቤ መቼ ነው የሚያርፈው?

ታኅሣሥ 10

በላቸው መጣ። አልተቀመጠም።

«ሁለት ሰደፍ ይሁን» አለ። «አንዱ ያው የኔ። ካፒቴኑ ሲያይ እሱ ይገጠማል። ሌላው የኮሶዬው ሰው፣ ባጭሩ።»

«ነገርከው?»

«ነገርኩት። ያልከኝን ሁሉ።»

«ሟቹን እያሰበ ሳለ ነገርከው?»

«ሟቹ የእህቱ ልጅ ነበር።»

መዶሻውን አስቀመጥኩ።

«ምን አለ?»

በላቸው ወደ ደጁ አየ። «እሳቱን እየቆሰቆሰ አስመሸ። ከዚያ... ይሥራው አለ።»

የልጁን ስም ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከሄደ በኋላ ዋንዛውን አውርጄ ጀመርኩ፤ ዛሬ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።