መስኮቱን ዛሬ አትክፈቺው

እህት ዓለም፣

ከውሃ ማጣሪያው ክሎሪን የሚባለው መርዛማ ጋዝ ማፈትለኩን ድምፅ ማጉያው እየለፈፈ ነው። ስልኩም አልሠራ ስላለኝ ይህን ጻፍሁልሽ።

ሽታ በሸተተሽ ቁጥር መስኮት መክፈት ልማድሽ ነው፤ ዛሬ ግን እንዳትነኪው። ከውጭ እንደገባሽ ልብስሽን በር ላይ አውልቀሽ ታጠቢና ፎቅ ላይ ወዳለው መኝታ ቤቴ ግቢ፤ ጋዙ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ነው የሚተኛው። የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ወትፊው። ማራገቢያውን አጥፍቼዋለሁ።

እኔ ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችን ጋ ሄጃለሁ። ጆሮው እንደምታውቂው ነው፤ ምድር ቤት ተቀምጦ የሰው ሰዓት ሲያስተካክል ይህን ሁሉ ጩኸት አይሰማም። “አትውጪ ባይዋ ራሷ ወጣች” ብለሽ ትስቂ ይሆናል።
ሳቂ፤ ግን አትከተዪኝ።

ጠዋት “የዞርሽበት አገር ሁሉ መስኮት አልነበረውም ወይ?” ስትዪኝ ተናድጄ ያመለጠኝ ክፉ ቃል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆኖብኛል።
ቀሪውን ስመለስ።

ቁልፍ ይዣለሁ፤ በር ላይ ቆመሽ አትጠብቂኝ። አደጋው አለፈ ሲባል፣ ብመጣም ባልመጣም፣ መስኮቱን ሁሉ ወለል አድርገሽ ክፈቺው።
ያን ጊዜ አልከራከርሽም።