አይተነፍስም ያልኩት ቱቦ

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የምነግርህ ነገር አለ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም።

አንተ እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ሚስትህስ በረታች? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ጆሮው ብቻ እየባሰበት ሄዷል። ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ምን ይጠበቃል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ሞተር ሲነሳ የምሰማለት እኔ ነኝ። የጎማውን ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሌላውን በየመጋጠሚያው እያስጠጋሁ፣ የሚተነፍስ፣ ጭስ የሚያሾልክ ካለ እነግረዋለሁ። ለደንበኞቹ «የእኔ ጆሮ ያቺውላችሁ» ሲላቸው መግቢያ ይጠፋኛል።

ያን ቁርሱን እየሮጠ የሚበላውን ሹፌር፣ ጥድፊያ የምንለውን ታስታውሰዋለህ? ቱርቦ ያላት መኪና ገዝቶ፣ የጭስ ማውጫዋን በሰፊ ቱቦ ቀይሩልኝ ብሎ መጣ። ጉልበት ታገኛለች፣ ድምጿም ያምራል አለ። አባባ አንተ የምትጮኸው አልበቃ ብሎ ነው ወይ አለው። ትናንት የድሮውን ፈታን። ቱቦው ከቱርቦው ጋር በሚገጥምበት ቦታ የሚገባውን አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ያን ጭስ እንዳያፈተልክ የሚያሽገውን ስስ ብረት፣ አባባ እንድይዝ ሰጠኝ። መሬት አስቀምጬው ቁልፍ ላቀብል ስነሳ ረገጥኩት፤ ተጣመመ። ጥድፊያ ያስመጣው ሁለት ሳምንት ጠብቆ ነው። አባባ መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ እጁን ሲዘረጋ፣ የተቃጠለውን አሮጌውን ጠርጌ ሰጠሁት። ሳያየው በዳበሳ ገጠመው።

ሞተሩ ሲነሳ ከመጋጠሚያው ጭ፣ ጭ፣ ጭ ሲል ሰማሁት። አዲሱ ቱቦ ስለሚያጓራ ሌላ ሰው አይሰማውም። አባባ ፊቴን እያየ «ይተነፍሳል?» አለኝ።

«አይተነፍስም» አልኩት። ደስ ብሎት እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ምንም አይሰማኝም፣ ጋሼ። አላለቀስኩም፣ አልፈራሁም። ራቴን በላሁ፣ ዕቃ አጠብኩ፤ የሚያጥበው እጅ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጥድፊያ መጥቶ፣ ነገ ሚስቱንና አራስ ልጁን ከአማቱ ቤት ሊያመጣ እንደሚሄድ ነገረን። መንገዱ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ልጁን ብርድ እንዳይመታው መስኮት አልከፍትም አለ። የሚያፈተልከው ጭስ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሚመርዝ አንተም ታውቃለህ። አባባ አይዞህ፣ ልጄ ሰምታዋለች አለው። እኔ ወለል እየጠረግኩ ነበር፤ መጥረጌን ቀጠልኩ። ሰውየው ሲሄድ አባባ አጠገብ ቆሜ ነገርኩት። ቀስ ብዬ ስለተናገርኩ አልሰማኝም። መድገም አቃተኝ።

እማዬን በጣም ናፍቀሃታል፤ ሹራብህን ልትጨርስ እጅጌው ብቻ ቀርቷታል። ሚስትህን ሰላም በልልኝ፣ የትንሿንም ጉንጭ ሳምልኝ።

ጥድፊያ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መኪናዋን ሊወስድ ይመጣል። እኔ ቀድሜው ጋራዥ እገኛለሁ። የመኪናዋን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ፣ አባባ ፊት ቆሜ፣ ሰፈሩም ቢሰማ ይስማ፣ እስኪሰማኝ ድረስ እየጮህኩ እነግረዋለሁ።

እህትህ